ለተቸገረ ሰው ርዳታ ሲሰጥ ሊመረመር የሚገባው ምንድን ነው?

ለተቸገረ ሰው እጅን መዘርጋት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ጐረቤት ለጐረቤቱ፥ ዘመድ ለዘመዱ፥ ዕድር ለኀዘንተኛው፥ ቤት ያለውም ከደጁ ለቆመው መንገደኛ ሲደርስ ኖሯል። ርዳታው ከግል ሰው እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሥራ በሆነ ጊዜ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። ይኸውም፥ ከሕዝብ ገንዘብ የሚረዳ ሰው የተሰጠውን በሱስ እንዳያጠፋው አስቀድሞ ደሙ ወይም ሽንቱ ሊመረመር ይገባል ወይስ አይገባም? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በባሕር ማዶ አገሮች በምክር ቤትና በፍርድ ቤት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በእኛም አገር በሠፈር ስብሰባ ላይና በቡና ሰዓት ሲነገር እንሰማዋለን። ነገሩ የመንግሥት ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የሌማት ነገር ነውና የእናቶች፥ የአባቶችና የልጆች ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ከእኛ ጋራ እንዲመለከቱት አሰብን።

ርዳታው እንዴት እንደሚሰጥ

አስቀድሞ በአገራችን ያለውን የርዳታ ሥርዐት በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞ ጊዜ ድርቅ በመጣ ቍጥር እህል ይለመን ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ይህን ለማስቀረት በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በመጀመሪያው ጊዜ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የገጠር ሕዝብ ይረዳበት ነበር፤ ኋላም ቍጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን ከፍ አለ። ጕልበት ያለው ሰው እርከን እየሠራ፥ ችግኝ እየተከለ፥ መንገድ እየጠረገ የሥራውን ዋጋ ይቀበላል። የደከመ ሽማግሌ፥ አካሉ የተጐዳ፥ ጧሪ የሌለው ሰው ግን ሥራ ሳይጠየቅ በቀጥታ ይረዳል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራው ወጥታ በቀጥታ ከሚረዱት ጋራ እንድትቈጠር ተደርጓል።

በ2009 ዓ.ም. ይኸው ሥርዐት ወደ ከተማ ገባ። በመጀመሪያ የተመረጡት 11 ከተሞች ሲሆኑ፥ ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች። ሊረዳ የታሰበውም ሕዝብ 604 ሺህ ያህል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛው ፕሮግራም ወደ 83 ከተሞች ሊሰፋ ታሰበ። የከተማው ሥራ መንገድ ማጽዳት፥ ቦይ መጥረግ፥ ቆሻሻ መሰብሰብ፥ አረንጓዴ ቦታ ማልማት ነው።

ተረጂውን የሚለየው ማን ነው? ቢባል፥ በሩቅ የተቀመጠ ሹም ብቻውን አይደለም፤ የሠፈሩ ሰውም ነው። ከነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ በየቤቱ ያለውን ችግር ይመለከታል፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይገለጣል፤ ቅር ያለው ሰው ደግሞ ወደ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሄዶ አቤት ሊል ይችላል። የሚመረመረው የቤቱ ኑሮ ነው። ይኸውም ገቢው ምን ያህል ነው፥ የቤተ ሰቡ ቍጥር ስንት ነው፥ የሚጦር ሰው አለን? እየተባለ ነው። ሽንትን መመርመር በዚህ ሥርዐት ውስጥ የለም። ነገር ግን በሐኪም መሣሪያ የማይደረገው ምርመራ በሰው አፍ ሲደረግ አይቻለሁ። ነገሩም እንዲህ ነው።

በስብሰባው ላይ የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ዳር፥ እኔ በምኖርበት ሠፈር፥ የተረጂዎች ዝርዝር ሊነበብ ሰው ተሰበሰበ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁና እጄ ለጽሕፈት ስለሚፈጥን፥ «ቃለ ጉባኤውን ያዝልን» ተብዬ ከሰብሳቢው አጠገብ ተቀመጥሁ። ብዙ ስም ያለ ክርክር አለፈ። ከአንዲት ሴት ስም ላይ ሲደረስ ግን ጕምጕምታ ተነሣ። ይህች ሴት በጕሊት ሽንኵርትና ቃሪያ የምትሸጥ የ3 ልጆች እናት ናት፤ ዐይናቸው የጠፋ አማቷንም ትጦራለች። ባሏ በጫት ተራ ሸክም እየተሸከመ የሚያድር ሰው ነው፤ የቀን ሥራውንም ገንዘብ እዚያው በጫት ይጨርሰዋል ይባላል።

በሠፈሩ የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «እኔ ምቀኛ አይደለሁም። ነገር ግን ልጄ በፀሐይ ድንጋይ ሲጠርብ ውሎ ግብር ይከፍላል፤ ይህ ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ሲቅም ይውላል። የልጄን ላብ ለእርሱ ምርቃና ልንሰጥ ነውን? ወይ ሐኪም ይመርምረውና ንጹሕ መሆኑ ይታወቅ፤ ወይ ስማቸው ይሰረዝ» አሉ። ብዙ ሰው «እውነት ነው!» አለ። ሴቲቱ ከኋላ ቆማ ነበርና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ስለ እርሷ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርሁም፤ እንዲያውም በልቤ «ሽማግሌው ደግ ተናገሩ» እያልሁ በስሟ አንጻር «ባለቤቷ ሱሰኛ በመሆኑ ቀርቷል» ብዬ ጻፍሁ። በዚያች መስመር ላይ ስለ ባልየው እንጂ ስለ ሴቲቱ፥ ስለ ልጆቿና ስለ አማቷ አንድ ቃል እንዳልነበረ ያስተዋልሁት ብዙ ቈይቼ ነው።

ከ5 ወር በኋላ ያችው ሴት እኔ ወደምሠራበት ፍርድ ቤት የቀለብ ክስ ይዛ መጣች፤ ባሏ ቤቱን ጥሎ ሄዶ ነበር። መዝገቡን የከፈትሁላት እኔ ነኝ። ታላቂቱ ልጇ አብራት ቆማለች፤ ሰዓቱ የትምህርት ሰዓት ነበርና «እኅቴ፥ ልጅቱ ስለ ምን ከትምህርት ቤት ቀረች?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም «ጋሼ፥ እርሷ እኮ ከቀረች ሰነበተች። እኔ ጕሊት ስወጣ አያቷን የሚጠብቅ የለም፤ ማታ ማታ ደግሞ ቆሎ ትሸጣለች» አለችኝ። ጥቂት ቈይታም፥ «በዚያን ቀን ስማችንን ሲጽፉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» አለች። በቍጣ አልተናገረችውም፤ የሰውን መልክ ለማስታወስ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ዳኛው ቀለብ ፈረዱላት። ነገር ግን ፍርድ የሚፈጸመው ካለው ሰው ላይ ነው፤ ባልየው ከትከሻው በቀር የሚያዝ ሀብት አልነበረውም። ያን ዕለት ማታ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፥ እኛ በስብሰባው ላይ ባልየውን የቀጣን መስሎን እንደ ነበረ አስተዋልሁ። እርሱ ግን ጫቱን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠም፤ በሸክም ያገኘው ነበርና። ከትምህርት ቤት የወጣችው ልጅቱ ናት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ምሳሌ በእኛ ደረሰ።

የሽማግሌው ክርክር

ይህን በማለቴ የሽማግሌውን ነገር ከንቱ አላደርገውም። ሱስ ቤትን እንደሚያፈርስ በፍርድ ቤት መዝገብ ፊት ከሚውል ሰው ይልቅ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሕዝብም ገንዘብ የብዙ ድኾች ላብ ስለ ሆነ፥ በምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ የተገባ ነው። ስለዚህ ክርክሩን በሚገባ እንመርምረው።

ጫት በጣና ዳርቻ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ዙሪያ ቀድሞ ጌሾና ሌላ አትክልት ይበቅልበት በነበረው ጓሮ ብዙ ጫት ተተክሏል። ገበሬውም የተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ ካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቈርጦ ይሸጣልና ከእህሉ የበለጠ ገንዘብ ያስገኝለታል። በቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ቅመም አለ፤ ከተቈረጠ በኋላ በ2 ቀን ያህል ውስጥ ኀይሉ ይደክማል። ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ በጥድፊያ ወደ ገበያ የሚሮጠው ስለዚህ ነው። እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ጫትን ከልክላለች። በእኛ አገር ግን የተከለከለ አይደለም፤ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ገንዘብ ያስገባል፤ በ2004 ዓ.ም.ም ስለ ጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጥቷል። እንግዲህ መንግሥት ከሚሸጠው ሰው ግብር እየተቀበለ፥ የቃመውን ድኻ ቤተ ሰብ እንጀራ ቢከለክል፥ ፍርዱ ሚዛኑን የጠበቀ አይሆንም።

«ሐሺሽና እርሱን የመሰለ በሕግ የተከለከለ ነገርስ?» የሚል ይኖራል። ለዚህ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ቅጣት ደንግጓል። ነገር ግን በዚህ ሕግ የሚከሰስ ሰው አስቀድሞ ክሱ ይነገረዋል፤ ማስረጃ ይቀርብበታል፤ የመከላከያ ቃሉም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ይፈረድበታል። ሳይከሰስና ሳይሰማ የልጆቹን እንጀራ መውሰድ ግን መዝገብ ያልተከፈተለት ቅጣት ነው። ደግሞም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ሁሉ የግል ሕይወቱ እንዲከበር ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካላቸው ለተጐዳ፥ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ልጆች ርዳታ እንዲመድብ ያዛል። ድኽነት ሰውን ከእነዚህ አንቀጾች አያወጣውም።

የምርመራውንም ነገር ስንመለከት ሌላ ጕድለት እናገኛለን። የሐሺሽ ምልክት አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ለብዙ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ይቈያል። መጠጥ ግን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አረቄ ጠጥቶ ሚስቱን የደበደበና የሳምንት ደመወዙን የጨረሰ ሰው፥ ሰኞ ጧት ቢመረመር ንጹሕ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። በአገራችን ብዙ ቤት ያፈረሰው ደግሞ መጠጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ መሣሪያው የሚያገኘው በሰውነት ውስጥ የዘገየውን ነገር ነው እንጂ፥ ቤቱን ያፈረሰውን ነገር አይደለም።

በባሕር ማዶ የታየው

ምርመራውን የሞከሩት አገሮች ምን አገኙ? አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የርዳታ ሕግ፥ ክፍለ አገሮች ተረጂዎችን ስለ አደንዛዥ ዕፅ እንዲመረምሩ ፈቀደች። ሚሺጋን በ1999 እ.ኤ.አ. ጀምራ በፍርድ ቤት ታገደች። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሎሪዳ፥ ለቤተ ሰብ የሚሰጠውን ርዳታ የሚጠይቅ ሁሉ፥ የተጠረጠረም ያልተጠረጠረም፥ እንዲመረመር ሕግ አወጣች። የምርመራውን ዋጋ አስቀድሞ የሚከፍለው ችግረኛው ራሱ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ሕጉ የሠራው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ከተመረመሩት 4,086 ሰዎች ዕፅ የተገኘባቸው 108 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 2.6 ያህል ነው። ንጹሕ ለተገኙት የተመለሰው ገንዘብ ወደ 118 ሺህ ዶላር ደረሰ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር «ወጪና ገቢን ሳታስተያይ ንግድህን አታመስግን» ይሉን ነበር። ይህን ቍጥር ባነበብሁ ጊዜ ቃላቸው ትዝ አለኝ። ከመቶ ሰው 97 ያህሉ ንጹሕ መሆናቸውን ለማስመስከር ሽንታቸውን ይዘው ተሰለፉ ማለት ነውና።

ሕጉን በፍርድ ቤት የተከራከረው ሉዊስ ሌብሮን የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው ቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደር የነበረ፥ ኋላም ተማሪ የሆነ፥ ትንሽ ልጁን ለብቻው የሚያሳድግና አካሏ የተጐዳ እናቱን የሚጦር ነበር። ርዳታውን የሚያስጠይቀውን ነገር ሁሉ አሟልቶ ሳለ፥ «ያለ ጥርጣሬ አልመረመርም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ሜሪ ስክሪቨን በ2011 እ.ኤ.አ. ሕጉን አገዱት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ሻሩት፤ በ2014 እ.ኤ.አ.ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዳቸውን አጸናው። የፍርዱም መሠረት፥ ሰው ድኻ ስለ ሆነ ብቻ ያለ ጥርጣሬ ሰውነቱ ሊበረበር አይገባም የሚል ነው።

ለፍርድ ያህል ይህንም መናገር ያስፈልጋል። የፍሎሪዳ ሕግ ልጆቹን ፈጽሞ አልረሳቸውም ነበር። ወላጁ ዕፅ ቢገኝበት፥ የልጆቹን ድርሻ ሌላ ሰው ተመርጦ እንዲቀበልላቸው ይፈቅድ ነበር፤ ያ ሰው ግን እርሱም መመርመር ነበረበት። አውስትራሊያም በ2017 እ.ኤ.አ. 5,000 አዲስ ተረጂዎችን ለሙከራ ለመመርመር አሳብ አቀረበች፤ ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙት፥ በላይኛውም ምክር ቤት ሳያልፍ ቀረ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ ምርመራውን የወደዱት ሰዎች እንኳ ከልጆቹ ጥያቄ ማምለጥ እንዳልቻሉ ነው። አባትን የሚቀጣ እጅ በሌማቱ ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ይመታልና።

የኔታ የፈረዱት ፍርድ

ይህ ጥያቄ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፥ በልጅነቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ንባብና ዳዊት የተማርሁት በጎጃም፥ ከጣና ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኰፋዳዬን አንግቤ፥ ደበሎዬን ለብሼ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ እቆም ነበር። የመንደሩ ሴቶች ቍራሽ ሲሰጡን «ትምህርትህን ትወዳለህን? ወይስ ሰነፍ ነህ?» ብለው አይጠይቁንም ነበር። ከእኛም መካከል ሰነፍ አልጠፋም፤ ለምኖ ያገኘውን በጠላ የሚለውጥም ትልቅ ልጅ ነበረ።

ይህን የሰማ አንድ ባለጠጋ ገበሬ «ከእንግዲህ ከደጄ የሚቆም ተማሪ ዳዊት ሳይደግም ቍራሽ አያገኝም» አለ። ነገሩ ለጊዜው ደግ ይመስል ነበር። ጠላ የሚጠጣው ትልቁ ልጅ ግን ዳዊቱን በቃሉ ያውቀው ነበርና፥ ደግሞለት በዳቦ ላይ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። ጾሙን ያደረው በዚያ ሳምንት ከእናቱ ተለይቶ የመጣው፥ ገና ፊደል የሚቈጥረው ሕፃን ነበር። የኔታ ይህን ሰምተው በማግሥቱ ወደ ገበሬው ቤት ሄዱ፤ እኔም በትራቸውን ይዤ እየመራኋቸው ነበርና ቃላቸውን ሰማሁ። «ልጄ፥ ፈተናው የእኔ ነው፤ ቍራሹ የአንተ ነው። ተማሪዬ ቢሰንፍ እኔ እገሥጸዋለሁ፤ አንተ ግን በእኔ ፈንታ አትፈትንብኝ፥ ሕፃኑ በረኃብ ይሞትብኛልና» አሉት። ገበሬውም «የኔታ፥ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ፈተናውን ተወ።

ጠላ የሚጠጣው ልጅ ሳይቀጣ ቀረ ብላችሁ አታስቡ። የኔታ ማታ አስጠርተው ተግሣጽ ሰጡት፤ በየቀኑም ከአጠገባቸው አያጡትም ነበር። ነገር ግን ተግሣጹ በጉባኤው ቤት ሆነ፥ እንጀራውም በደጅ ሆነ፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

የቀለብ ሕግ ምን ይላል?

የኔታ በቃል የፈረዱትን ሕጋችን በጽሑፍ ይዞታል። በክልላችን በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የወጣ የቤተ ሰብ ሕግ አለ። ሰው ለልጁ፥ ለወላጁና ሕግ ለጠራቸው ዘመዶቹ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀለብ ጠያቂው ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ በእውነት ተቸግሯልን? ሠርቶስ ራሱን ሊረዳ አይችልምን? ሰጪውም በበኩሉ አቅሙ ምን ያህል እንደ ሆነ ይመዘናል። ለብዙ ዘመን የቀለብ መዝገብ ስይዝ፥ «ጠያቂው ያጨሳልን? ይቅማልን?» የሚል ነጥብ በፍርድ ውስጥ ተይዞ አላየሁም። በሕጋችን የኖረው፥ በጠባዩ ምክንያት ቀለብ የሚያጣው፥ በሰጪው ወይም በቅርብ ዘመዱ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ወንጀል አድርጎ የተፈረደበት ሰው ነው። ይህም የታወቀ፥ ማስረጃ የተሰማበት፥ የተፈረደበት ጥፋት ነው እንጂ የጐረቤት ሐሜት አይደለም።

እንግዲህ አባት ለልጁ ቀለብ ሲሰጥ የሚጠየቀው ችግሩ ከሆነ፥ መንግሥት ለድኻው በአባት ፈንታ በሚቆምበት ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም። የሚመረመረው ረኃቡ ነው። ሱሱ መታየት ያለበት ሕመም ቢሆንም፥ የሚታየው በሐኪም ቤት ነው፤ የሚመረምረውም ለማዳን የተማረ ሰው ነው፥ ከመዝገብ ለመሰረዝ የተቀመጠ ሰው አይደለም። በእንጀራ ደጅ ላይ ምርመራ ያቆምን እንደ ሆነ፥ ሱሰኛው ከሐኪሙም ይሸሻል፤ ሕመሙን መናገር የልጆቹን ምግብ እንደሚያሳጣ ያውቃልና።

ምን ልናደርግ ይገባናል?

የዚያችን ሴት ነገር ልጨርስላችሁ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ «እኅቴ፥ ስምሽ ወደ ቀረበት ኮሚቴ አቤቱታ እንጻፍ» አልኋት። በወረቀቱ ላይ ስለ ባሏ የጻፍነው ቤቱን ጥሎ መሄዱን ብቻ ነው። የቀረውን መስመር የያዘው የልጆቹ ቍጥርና ዕድሜ፥ የአማቷ ዐይን መጥፋት፥ ከጕሊት በቀን የምታገኘው ገንዘብ፥ የቤቱ ኪራይና የልጅቱ ከትምህርት መቅረት ነበር። አቤቱታ ሰሚዎቹም ቤቷ ድረስ ሄደው አይተው ስሟን መለሱት፤ ክፍያውም በእርሷ ስም እንዲሆን ተደረገ። እርሷ ከሌሎች ሴቶች ጋራ መንገድ ስትጠርግ፥ አማቷ ከማይሠሩት ጋራ ተቈጠሩ። ልጅቱ ግን ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው በሚቀጥለው መስከረም ነው፤ ያለፈው ዓመት ግን ቀረባት። ያን ዓመት የወሰድንባት እኛ ነን።

ባልየው ጫቱን ተወ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን አልተወም። አንዳንድ ጊዜ ወደ ልጆቹ ይመጣል፤ አንድ ጊዜም ከወንድሙ ጋራ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም አነጋግሯል፤ ከዚያም ተመልሶ ቅሟል። ሱስ እንደ ወባ ነው፤ ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ስለዚህ የእርሱ መዳን የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የልጆቹ እራት ግን የእርሱን መዳን ሊጠብቅ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰባችን የሚጠቅመውን እናንሣ። በመጀመሪያ፥ በቤቱ ሱሰኛ ያለበት እንደ ሆነ ርዳታው በእሳት ላይ ድስት በሚጥደው ሰው ስም እንዲከፈል መጠየቅ ደግ ነው፤ ሚስት ናት፥ አያት ናት፥ ወይም ታላቅ ልጅ ናት። ሁለተኛ፥ ስሙ የተሰረዘ ሰው በኀዘን ከመቀመጥ ይልቅ አቤቱታውን በጊዜ ያቅርብ፤ በአቤቱታውም ስለ ጐረቤቱ ጥፋት ሳይሆን ስለ ቤቱ ችግር በቍጥር ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ሱስ የያዘው ወንድም ወይም ልጅ ያለን ሰዎች ነገሩን በመሸፈንም በማዋረድም አናድነውም፤ ዘመድ ሰብስበን፥ የሚሰማውን ሽማግሌ ለምነን፥ እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሰው። አራተኛ፥ በስብሰባ የምንቀመጥ ሁሉ፥ የአንድ ሰው ስም በተጠራ ጊዜ አስቀድመን በሰውየው ኋላ ማን ማን እንዳለ እንጠይቅ።

ያ ሽማግሌ ዛሬም በሠፈራችን አሉ። የሴቲቱ ስም መመለሱን በሰሙ ጊዜ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «እኔ ሰውየውን ነበር ያየሁት፤ ልጆቹን ማን አሳየኝ?» አሉኝ። ይህ ቃል ለእርሳቸው ማመካኛ አልመሰለኝም፤ ለእኔ ግን ወቀሳ ሆነብኝ። ማሳየት የነበረበት ብዕሩን የያዘው ሰው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤ ያዝ በተባልሁ ቍጥር፥ ከቤቱ ባለቤት ስም ቀጥሎ የምጽፈው የልጆቹን ቍጥር ነው።